ለእፀገነት የተከፈተው ክፍል

በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በመስከረም ወር፣ ከሐረር ወደ ጅጅጋ የሚጓዝ አንድ ሚኒባስ ካራማራ ተራራ ላይ ሲደርስ ጉም ዋጠው። መንገዱ፣ ገደሉ፣ ከፊት ይሄድ የነበረው የጭነት መኪና፣ ሁሉም ተራ በተራ ነጭ ውስጥ ገብተው ጠፉ። ሾፌሩ መኪናውን ጥግ አስይዞ ሞተሩን አጠፋና፣ «እስኪገልጥ እንቆይ፤ ከዚህ ወዲያ መንዳት ሰው መፍጀት ነው» አለ። ተሳፋሪዎቹ እየተንጠራሩ ወረዱ። ድምፅ ሁሉ ጥጥ ውስጥ የተጠቀለለ ይመስል ነበር፤ በቅርብ የሚያወራው ሰው ከሩቅ አገር የሚጣራ ይመስላል።

ከወረዱት መካከል የጨርቅ ነጋዴው አቶ መርሻ ይገኙ ነበር። አቶ መርሻ በወጣትነታቸው ከቡታጅራ አካባቢ መጥተው ጅጅጋ የከተሙ፣ በገበያው መሀል ሱቅ ያላቸው፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። ሚስታቸው ቀለምወርቅ ካረፈች፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸውም ሥራ ይዘው ከወጡ ወዲህ፣ ቤታቸው የቀረችው የመጨረሻ ልጃቸው እፀገነት ብቻ ናት። እፀገነት አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም፤ አትናገርምም። አባቷ ዕቃ ለማምጣት በወጡ ቁጥር አብራቸው ትሄዳለች።

ልጅቱ ከአባቷ ጎን አልቆመችም። ከኋላ እየመጡ የሚቆሙትን መኪኖች አንድ በአንድ እየተጠጋች በመስኮታቸው ወደ ውስጥ ታይ ነበር። የቆየ ልማዷ ስለሆነ አባቷ ነገሬ አላሉትም። ጥቂት ቆይታ ተመለሰችና መዳፏን ከዓይኗ ፊት ዘርግታ በላዩ ላይ ቀስ ብላ እፍ አለች። አቶ መርሻ ፈገግ ብለው እርሳቸውም መዳፋቸውን ዘርግተው እፍ አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» አለች አጠገባቸው ቆማ የነበረች ሻርፕ የተከናነበች ወጣት። «ጉምን እንዲህ ነው የምትሉት?»

«እስከ ዛሬ ስም አልነበረውም ልጄ። አሁን ነው ያወጣችለት።»

ወጣቷ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። ሪሐና እንደምትባል፣ የድሬዳዋ ልጅ እንደሆነች፣ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ተመርቃ ጅጅጋ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደተመደበች ነገረቻቸው። የትምህርት ቤቱን ስም ስትጠራ አቶ መርሻ ሳቁ።

«ወንዶቹ ልጆቼ የተማሩበት ነው። እኔም እስካሁን ከወላጆች ኮሚቴ አልወረድኩም።»

«እንግዲያው እግዜር ነው ያገናኘን። ልጅዎ ስንተኛ ክፍል ናት?»

«ምን ክፍል አላት። እንደማትሰማ አላየሽም?»

«አይቻለሁ። የጠየቅሁትም ለዚያ ነው» አለች ሪሐና በትሕትና። «የመጣሁት መስማት ለተሳናቸው ልጆች አንድ ክፍል ለመክፈት ነው። ትምህርት ቤቱ አንድ አሮጌ ዕቃ ቤት አለው። ጣሪያው ቢታደስ፣ መስኮት ቢወጣለት፣ ይበቃናል። መንግሥት ለትምህርት ቤቶች ከሚሰጠው ድጎማም ጥቂቱ እንደነዚህ ላሉ ልጆች እንዲውል ይፈቀዳል። ግን የእናንተ ኮሚቴ መስማማት አለበት።»

አቶ መርሻ ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው ጉሙን አዩ። የዘንድሮው ድጎማ ለምን እንደታሰበ ያውቃሉ፤ አሳቡን ያቀረቡትም እርሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ያ ትምህርት ቤት አጥር የለውም። ፍየሉም አህያውም ክፍል ድረስ ዘልቆ ይገባል። አንድ ቀን ግመል በመስኮት አንገቱን አስገብቶ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ሳይማሩ ዋሉ። ነፋሱን ደግሞ ገና ታይዋለሽ፤ አቧራው ጥቁር ሰሌዳውን ነጭ ያደርገዋል። ለሚሰማው ልጅ ያልበቃ ገንዘብ እንዴት ለማይሰማው ይተርፋል?»

«የሚተርፍ ነገር እኮ መቼም አይኖርም ጋሼ። የማይሰሙት የሚሰሙት እስኪጠግቡ ይቆዩ ካልን ዕድሜ ልካቸውን ይቆያሉ።»

«ደግሞስ ይሄ አዲስ ነገር ይዘልቃል ብለሽ ነው? በእኔ ዕድሜ ሥርዓተ ትምህርቱ ስንቴ ተቀየረ። በንጉሡ ጊዜ አንድ ነበር፣ በደርግ ሌላ ሆነ፣ አሁን ደግሞ ሌላ። አዲስ መጽሐፍ መጣ ይሉናል፤ መጽሐፉ ሳይደርሰን ሌላ ይመጣል።»

ሪሐና ትንሽ አሰበች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በሰማንያ ስድስቱ የትምህርት ፖሊሲ የሱማሌ ልጆች በሱማልኛ እንዲማሩ ሆኗል። ይህንን እንዴት ያዩታል?»

«ይሄስ ደግ ነገር ነው» አሉ አቶ መርሻ ሳያመነቱ። «እኔ ቤታችን የምናወራው ጉራጊኛ ነበር። ትምህርት ቤት ስገባ አስተማሪው አማርኛ ነው የሚናገር። አንድ ዓመት ሙሉ አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው ያየሁት። ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ቢማር አልቃወምም።»

«እፀገነትም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የምታየው አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው» አለች ሪሐና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የእርሷ ቋንቋ እጅ ላይ ነው ያለው። ያ ፖሊሲ ለእርሷም ይሠራል።»

በዚያው ቅጽበት ጉሙ ከተራራው ሥር ተገለጠና የጅጅጋ ሜዳ፣ አረንጓዴ፣ ሰፊና ጸጥ ያለ፣ ከእግራቸው በታች ተዘረጋ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሁሉም ወደየመቀመጫው ሲመለስ የጀመሩት ወግ እንደ ሕልም ተቋረጠ።

እዚህ ላይ አቶ መርሻ ያልተናገሩትን መናገር ይገባል። አጥሩ እውነተኛ ችግር ነበር፤ ልባቸውን የያዘው ግን አጥር አልነበረም። እርሳቸውና ልጃቸው በዓመታት ውስጥ ያበጁት የእጅ ወሬ ነበራቸው። ጺማቸውን ሒና የሚቀቡት ደንበኛ ማለት አገጭን መዳበስ ነው። ሐር ጨርቅ ማለት ጣትን በጣት ላይ ማንሸራተት ነው። ሟቿ እናት ጉንጯ ላይ ሥርጉድ ስለነበራት፣ እናት ማለት ጉንጭን በጣት ጫን ማድረግ ነው። ይህን ንግግር ከሁለቱ በቀር የሚያውቀው የለም። ከቀትር በኋላ፣ ከተማው ጫቱን ይዞ ጥላ ሥር ሲቀመጥና ገበያው ሲያሸልብ፣ አባትና ልጅ በጨርቅ ጣቃዎች መካከል ተቀምጠው ያለ ድምፅ ይጫወታሉ። በበሩ የሚገባው ነፋስ የተሰቀሉትን ስስ የሱማሌ ቀሚሶች፣ ድሪዖቹን፣ ቀዩን፣ ብርቱካንማውን፣ የባሕር ቀለም ያለውን፣ ቀስ እያደረገ ያነሣቸዋል። አቶ መርሻ በዚያች ሰዓት ከዓለም የሚፈልጉት ሌላ ነገር አልነበረም። ትምህርት ቤት የሚባለው ነገር ያችን ሰዓት እንዳይወስድባቸው ሰጉ።

ሳምንት ያህል ቆይቶ ሪሐና ወደ ሱቃቸው መጣች። አብሯት አንድ ቀጭን፣ ፈገግታ የማይለየው ወጣት ነበር።

«ጋሼ መርሻ፣ መጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ፈልጌ ነው። ክፍሉ ባይፈቀድ እንኳ ለሌላው ክፍል ይሆናል። ይህ ሮብሌ ይባላል፤ ደምበል የሚባል አገር ልጅ ነው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ክፍሉ ከተፈቀደ ረዳቴ ይሆናል። እርሱም አይሰማም። የስፌት መኪናውን እዚህ በረንዳዎ ላይ አስቀምጦ ቢሰፋልኝ ይፈቅዱልኛል?»

የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ልብስ ሰፊ አይጠላም። አቶ መርሻ ፈቀዱ። ሪሐና ለምን እዚያ እንዲሰፋ እንደፈለገች ሳይገባቸው አልቀረም፤ ነገር ግን አሳቧን ደብቃ እንዳልመጣች ከዓይኗ ስላዩ አልተቀየሟትም።

ሮብሌ ልጅ ሳለ እንደ ጅል ይቆጠር ነበር። አጎቱ ግን አዲስ አበባ ወስዶ መስማት የተሳናቸው ልጆች ከሚማሩበት ትምህርት ቤት አስገባው፤ የምልክት ቋንቋም፣ ማንበብና መጻፍም፣ ስፌትም ተምሮ ተመለሰ። አሁን በየማለዳው በረንዳው ላይ መኪናውን ሲረግጥ እፀገነት አጠገቡ ትቀመጣለች። በመጀመሪያው ቀን እጁን ብቻ ታይ ነበር። በማግስቱ የእርሷን ምልክት አሳየችው፤ እርሱም የራሱን አሳያት። ሮብሌ ጨርቁን ትቶ ሁለት እጁን እንደሚበር ነገር ያንቀሳቅሳል፤ እርሷ ትቀዳዋለች፤ ስትሳሳት እየሳቀ ጣቷን ያስተካክልላታል። ሳምንቱ ሲጋመስ የእፀገነት ሣቅ ከበረንዳው ተሰማ። ከሆዷ የሚወጣ፣ ያልተገራ፣ ረጅም ሣቅ ነበር።

አቶ መርሻ ሜትራቸውን እንደያዙ ወደ በሩ ወጡ። ልጃቸው በሣቅ ዕንባዋ መጥቶ ነበር። በምልክት «ምንድን ነው?» አሏት። እርሷም እጇን ወዲህ ወዲያ አወናጭፋ ልታስረዳቸው ሞከረች። አልገባቸውም። እንደገና ሞከረች። አሁንም አልገባቸውም። ከዚያ እፀገነት እጇን በትንሹ አወዛወዘችና ወደ ሮብሌ ዞረች። ያ የእጅ ውዝዋዜ ምን ማለት እንደሆነ አቶ መርሻ አሳምረው ያውቁታል፤ ከደንበኛ ጋር ሲነጋገሩ «ምን አለ?» ብላ ስትጠይቃቸው በዚሁ የሚመልሱላት እርሳቸው ናቸው። «ምንም አይደል፣ ተይው» ማለት ነው።

ወደ ውስጥ ገብተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። በገዛ ሱቃቸው በረንዳ ላይ ሁለት ሰዎች ወግ ይዘዋል፤ እርሳቸው ግን ከወጉ አንዲት ቃል አልደረሳቸውም። እጁን ያያሉ፣ ፊቱን ያያሉ፣ ሣቁን ያያሉ፤ ትርጉሙ ግን ከመስታወት ወዲያ ማዶ ነው። በዚያች ሰዓት ሱቁ ውኃ ውስጥ የሰጠመ መሰላቸው። ልጃቸው በበዓል ማዕድ ዙሪያ፣ በገበያው ጫጫታ መሀል፣ ወንድሞቿ ለዕረፍት መጥተው በሚያወጉበት ምሽት፣ ዕድሜዋን ሁሉ የተቀመጠችው እዚህ ውኃ ውስጥ እንደነበረ አሁን ገባቸው። ማንም አስተምሯቸው አይደለም፤ በገዛ ገላቸው ነው የተረዱት።

በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ሪሐና መጋረጃውን ለማየት ስትመጣ ሮብሌ ስፌቱን አቁሞ በምልክት ብዙ ነገር ነገራት። ሪሐና ፊቷ ተለወጠ። አቶ መርሻም ከመሀሉ አንድ ምልክት ለዩ፤ ሮብሌ ጉንጩን በጣቱ ጫን አድርጎ ነበር።

«ይሄ የኔ ነው» አሉ። «ይሄ እናቷ ማለት ነው። ምን ብላው ነው?»

«ጋሼ፣ ባለቤትዎ እንዴት ነበር ያረፉት?»

«ታመመችብኝ። በሰው መኪና ጭነን ወደ ሐረር ሆስፒታል ላክናት፤ እዚያው አረፈች፤ እዚያው ተቀበረች። እፀገነት ትንሽ ነበረች፤ እናቷ ስትሄድ በሩ ላይ ቆማ አይታለች።»

«ለእርሷ ምን አሏት?»

«ምን እላታለሁ። እናቴስ ብላ ጉንጯን ስትነካ፣ መንገዱን አሳየኋት። መኪና አሳየኋት። ሄደች አልኳት። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተወችው፤ ረሳች ብዬ ነበር።»

«አልረሳችም» አለች ሪሐና። «ሮብሌን የጠየቀችው እንዲህ ብላ ነው፦ እናቴን መኪና ይዟት ሄዷል። አንተ ብዙ አገር አይተሃል። ያ መኪና የሚመለሰው መቼ ነው?»

አቶ መርሻ የያዙትን ጣቃ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ካራማራ ላይ መስኮት ለመስኮት የምትዞረው ልጅ በዓይናቸው መጣች። ባቢሌ ላይ፣ ሐረር መናኸሪያ ላይ፣ መኪና በቆመበት ሁሉ የሚወርደውን ሰው ፊት እየተከታተለች የምታየው ለምን እንደሆነ አሁን አወቁ። ውጭ ነፋሱ አቧራውን እያዞረ ያልፋል።

«መምህርት» አሉ በመጨረሻ። እስከዚያች ቀን «ልጄ» እንጂ በዚህ ስም ጠርተዋት አያውቁም። «አጥሩን ሰበብ አድርጌው ነበር። የፈራሁት ሌላ ነው። እኔና እርሷ ያለን ይሄ የእጅ ወሬያችን ብቻ ነው። እናንተ እኔ የማላውቀውን ቋንቋ ስታስተምሯት የኔን ትረሳዋለች። ከዚያ በኋላ በአንድ ቤት ሁለት እንግዳ እንሆናለን ብዬ ነው።»

«ጋሼ፣ ጉራጊኛ ረስተዋል?»

«እንዴት እረሳለሁ። እናቴን ያነጋገርኩበት ነው።»

«አማርኛ ተማሩ፣ እዚህ መጥተው ሱማልኛ ለመዱ፤ የእናትዎ ቋንቋ ግን ከልብዎ አልወጣም። እፀገነትስ የአባቷን ለምን ትረሳለች? እኛ የምንጨምርላት እንጂ የምንወስድባት ነገር የለም። ጉምን በእጇ ስም ያወጣች ልጅ ናት፤ ነገና ትናንትን፣ ለምንና ከየትን፣ በቁጥርና በጽሕፈት ያለውን ሁሉ ብናስጨብጣት የት እንደምትደርስ ያስቡት። እርስዎም ይማራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለወላጆች እናስተምራለን።»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«ሱማልኛን በስንት ዓመትዎ ነው የለመዱት?»

አቶ መርሻ ያለ ፈቃዳቸው ፈገግ አሉ። ወዲያው ግን ፈገግታቸው ጠፋ። «የእናቷንስ ነገር? ሮብሌ ይንገራት?»

«ሮብሌ ሊነግራት ይችላል። ግን ከአባቷ እጅ ብትሰማው ይሻላል። ቶሎ ይማሩ። እስከዚያው ግን መንገዱን አያሳዩዋት።»

የኮሚቴው ስብሰባ የዋለው በሳምንቱ መጨረሻ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ባለ ግራር ሥር ነበር። ሰብሳቢው ሐጂ ኸሊፍ የሚባሉ፣ በከተማው የተከበሩ የሱማሌ ሽማግሌ ናቸው። የሪሐናን ጥያቄ በጥሞና ካዳመጡ በኋላ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተክለው ተናገሩ።

«መምህርት፣ አሳብሽ መልካም ነው፤ አላህ ይቀበልሽ። ነገር ግን አጥሩ የሁሉም ልጅ ነው፤ ክፍሉ የጥቂት ልጅ ነው። ከሁሉና ከጥቂት የቱን እናስቀድም? ደግሞስ በምን ቋንቋ ልታስተምሪያቸው ነው? እዚህ ግማሹ ልጅ በሱማልኛ ይማራል፣ ግማሹ በአማርኛ። እነዚህ በየትኛው ናቸው?»

ሪሐና አፏን ልትከፍት ስትል አቶ መርሻ ተነሡ። አጥሩን የጠየቁት እርሳቸው ስለሆኑ ሰው ሁሉ ስለ አጥሩ እንደሚናገሩ ጠበቀ።

«ሐጂ፣ በመጀመሪያ ስለ ቋንቋው። የእርስዎ የልጅ ልጆች በሱማልኛ ሲማሩ ደስ ብሎኛል፤ ሲነገራቸው ይገባቸዋልና። የኔ ልጅ ሱማልኛም አማርኛም በጆሮዋ አልገባም። ለእርሷ የሚገባት በእጅ የሚነገረው ነው። በዚያ ትማር፤ ማንበቡን ከዚያ በኋላ በቤቷ ቋንቋ ትቀጥላለች።

«ስለ አጥሩ ደግሞ፣ አጥር የሚሠራው ግቢ ውስጥ ላለ ልጅ ነው። ውጭ ያለውን ልጅ አጥሩ ከፍየሎቹ ጋር እዚያው ውጭ ነው የሚያስቀረው። ርዕሰ መምህሩ እንዳስረዱን ድጎማው የሚመጣው በተማሪ ቁጥር ነው። ቤት የተደበቀ ልጅ አይቆጠርም። ስላልተቆጠረ ገንዘብ አይመጣለትም። ገንዘብ ስለሌለ ክፍል የለውም። ክፍል ስለሌለውም ቤት ይደበቃል። ይህን ክብ አንድ ቦታ ላይ ካልበጠስነው ዓለም እስክታልፍ ይዞራል። እኔ ልጄን ሰኞ አምጥቼ አስመዘግባለሁ። ዘንድሮ አጥሩን ከመንገድ በኩል ብቻ በድንጋይ እንሥራ፤ የቀረውን እንደ አባቶቻችን በእሾህ እንጠር። ለዕቃ ቤቱ መስኮት እናውጣለት።»

ሐጂ ኸሊፍ የግራሩን ጥላ አዩ። በኋላ ሲናገሩ ድምፃቸው ለስልሶ ነበር። «እኔም ወንድም ነበረኝ፤ ግመል እየጠበቀ አንድ ቃል ሳይናገር ኖሮ ሞተ። ምን ያስብ እንደነበር ማንም ጠይቆት አያውቅም።» ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሀዬ። ይሁን።»

ጣሪያው ታድሶ፣ መስኮት ወጥቶለት ክፍሉ ተከፈተ። ሮብሌ የሰፋው መጋረጃ መስኮቱ ላይ ተሰቀለ። በመጀመሪያው ሰኞ እፀገነት ብቻዋን ነበረች ማለት ይቻላል፤ ከእርሷ ሌላ የመጡት አንድ የወታደር ልጅና ሸደር ከሚባል አገር የመጣች አንዲት ልጅ ብቻ ነበሩ። ወሬው እየተሰማ ሲሄድ ቁጥራቸው ጨመረ፤ አንዳንዶቹ ተደብቀው ከነበሩበት ጓዳ የወጡ፣ ጎረቤት እንኳ መኖራቸውን የማያውቅላቸው ልጆች ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜም አቶ መርሻ በልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ሜትር መያዝ የለመዱ ወፋፍራም ጣቶቻቸውን እያጠላለፉ ሲማሩ ይታዩ ነበር። ጣታቸው እምቢ ይላቸዋል። አንድ ቀን «ወተት እፈልጋለሁ» ለማለት ፈልገው ሌላ ነገር ብለው ኖሮ ክፍሉ በሙሉ ሳቀባቸው፤ እርሳቸውም አብረው ሳቁ።

በዓመቱ አጋማሽ ላይ የግመል ወተት የምትሸጠው ጎረቤታቸው ማርዎ ወደ ሱቁ መጣች። ማርዎ ፋርቱን የምትባል የማትሰማ ልጅ አለቻት።

«መርሻ» አለች ማርዎ ወተቷን ጥላ ሥር አስቀምጣ፣ «መምህርቷ ቤቴ መጥታ ነበር። ልጅቱን ላኪ ትለኛለች። ወላሂ አልገባኝም። እኔ ገበያ ስወጣ ቤት የምትጠብቅልኝ ፋርቱን ናት። ልጆች ይስቁባታል። ተምራስ ምን ትሆናለች?»

«ማርዎ፣ እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። የሆነውን ብቻ ልንገርሽ። ባለፈው ወር እፀገነትን አመማት። ድሮ ቢሆን ታለቅሳለች፣ እኔ ግራ ይገባኛል። አሁን ግን ጆሮዬን ነው፣ ከትናንት ጀምሮ ነው፣ እንደሚወጋ ነው ብላ ነገረችኝ፤ ነርሷም በአንድ ጊዜ መድኃኒቱን ሰጠቻት። ስሟን ትጽፋለች። የጨርቁን ዋጋ ታነባለች፤ ሱቁን ትቼላት ወደ ባንክ እሄዳለሁ። ስታድግ እኔ ብሞት የምትተዳደርበት ሙያ ይኖራታል። ጓደኛ አላት። ስትናደድ ለምን እንደተናደደች ትነግረኛለች፤ እኔም ስሳሳት ይቅርታ እላታለሁ። የሚስቁት ልጆችም ሁለት ሳምንት ሳቁ፤ በሦስተኛው ምልክቱን መልመድ ጀመሩ፤ አስተማሪ ሳያያቸው ያወሩበታል።»

ማርዎ ሳታስበው ፈገግ አለች። «ቤቱንስ ማን ይጠብቅልኝ?»

«ትምህርቱ በጠዋት፣ እስከ ቀትር ነው፤ ቤትሽ ከዚህ ወንበሬ ይታየኛል። እኔ እጠብቅልሻለሁ።»

ማርዎ ወተቷን አንሥታ ሄደች፤ አዎም እምቢም አላለችም። በበነጋው ግን ፋርቱን ንጹሕ ሻሽ አስራ፣ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ በትምህርት ቤቱ በር ስትገባ ታየች። እንዲህ ዓይነቱ ለውጥ በአንድ አዋጅ አይመጣም። መንግሥት ገንዘቡንና ደንቡን ይልካል፤ ከዚያ በኋላ ግን አንዱ ወላጅ የሌላውን ወላጅ በር ማንኳኳት አለበት።

ከፋሲካ በፊት ባለው እሑድ አቶ መርሻና እፀገነት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወደ ሱቃቸው ገቡ። ገበያው ከፊል ተዘግቶ ጸጥ ብሏል። በሩን ገርበብ አድርገው ስለተዉት ብርሃኑ በተሰቀሉት ጨርቆች በኩል ተጣርቶ፣ ቀይና ሰማያዊ ሆኖ ወለሉ ላይ ተኝቶ ነበር። አቶ መርሻ ልጃቸውን ፊት ለፊታቸው አስቀመጧት።

ጉንጫቸውን በጣታቸው ጫን አደረጉ። እፀገነት ቀና አለች።

ከዚያ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ምልክት እየፈለጉ ነገሯት። እናትሽ ታማ ነበር። መኪናው ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሞቹ ሞከሩ፣ አልቻሉም። እናትሽ ሞተች። መኪናው አይመለስም። ሐረር ውስጥ የተቀበረችበት ቦታ አለ፤ ለፋሲካ እወስድሻለሁ። በጣም ትወድሽ ነበር።

እፀገነት ዓይኗ ሞልቶ ፈሰሰ። ከዚያ እጇን አነሣች።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?»

«እጄ አያውቅም ነበር» አሏት።

እፀገነት የአባቷን እጆች አየች። ዕንባዋን ሳትጠርግ ተጠጋችና ሁለቱንም ያዘቻቸው። «ሞተች» ያሉበት ምልክት ተጣምሞ ነበር፤ የቀኝ መዳፋቸውን ገለበጠችው፣ አውራ ጣታቸውን ወደ ቦታው መለሰችው፣ ከዚያም ለቀቀቻቸውና እንዲደግሙት ጠበቀች።

አቶ መርሻም እንደገና፣ አሁን በትክክል፣ ነገሯት።